ፓሳዴናን ለሽታዬ

ሽታዬ ቤዝቦል አይገባትም። ይህንንም አትደብቅም። አንዱ ይወረውራል፣ ሌላው በዱላ ይመታል ወይም ይስታል፣ የቀሩት ቆመው ማስቲካ ያኝካሉ። ከዚያ ማንም ምንም ያደረገ ሳይመስላት ስታዲየም ሙሉ ሰው ብድግ ብሎ ያጨበጭባል። ያን ጊዜ ጋሼ ሬይ ከወንበራቸው ወደ እሷ ዞር ብለው፣ "አየሽው?" ይሏታል።

"አየሁ" ትላለች። ምን እንዳየች ግን አታውቅም።

ጋሼ ሬይ የምትንከባከባቸው አዛውንት ናቸው። ሬይመንድ የሚባሉ፣ ሎስ አንጀለስ አጠገብ ፓሳዴና ተወልደው ፓሳዴና ያረጁ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ፖስታ ሲያድሉ ኖረው ጡረታ የወጡ ጥቁር አሜሪካዊ። ጋሼ ያለቻቸው እሷ ናት። ሰማንያ ያለፈውን ሰው በደረቁ ሬይ ብሎ መጥራት አፏ እምቢ ቢላት ከፊቱ ጨመረችበት። እሳቸውም በአማርኛ "ሚስተር" ማለት መሰላቸውና ዝም አሉ። በኋላ ወደዱት። ስልክ ሲያነሱ ሳይቀር "ጋሼ ሬይ ነኝ" ማለት ጀመሩ።

ሽታዬ ራሷ ስድሳን ተሻግራለች። ወጣትነቷን አቃቂ ክር ፋብሪካ ውስጥ ጨርሳ፣ ልጇ ዲቪ ደርሷት ሎስ አንጀለስ ከገባች በኋላ ተከትላ መጣች። ልጇ አግብታ ዴንቨር ስትሄድ ግን አልተከተለችም። ለምን ሲሏት፣ "ዴንቨር በረዶ ነው" ትላለች። ከዚያ በላይ አትገልጽም። ከጋሼ ሬይ ወጥ ቤት ቀጥሎ ያለችው ክፍል ሥራዋም ቤቷም ናት። ሐሙስ ከሰዓትና እሑድ ዕረፍቷ ነው።

በጁን ወር ጋሼ ሬይን ስትሮክ መታቸው። እጅ እግራቸው ተረፈ፤ ንግግራቸው ተሰበረ። ቃል ፈልገው ሲያጡ ይናደዳሉ፣ ሲናደዱ ዝም ይላሉ፣ ዝም ካሉ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ነው። ንግግር የምታለማምዳቸው ባለሙያ ሽታዬን ለብቻዋ ጠርታ፣ "አናግሪያቸው፤ ተከራከሪያቸው፤ ዝም ካሉ ያለውም ይጠፋል" አለቻት። ሳክራሜንቶ የምትኖረው ብቸኛ ልጃቸው ዴኒስ በበኩሏ ቁርጡን በስልክ ተናገረች። ኦክቶበር ላይ መጥታ ታያቸዋለች። የሚናገሩ ከሆነ ከሽታዬ ጋር እቤታቸው ይቆያሉ። የማይናገሩ ከሆነ እሷ ሰፈር ያለ የአረጋውያን መጦሪያ ይገባሉ።

ነገሩ ቀላል መስሎ ነበር። ጋሼ ሬይ ግን የሚያወሩት ስለ ቤዝቦል ብቻ ነው፤ ስለ ቤዝቦልም የሚያወሩት የሚቃወማቸው ሲገኝ ነው። "የዶጀርስ ላይንአፕ ዘንድሮ ልክ አይደለም" ይላሉ። ዶጀርስ የሎስ አንጀለስ ቡድን ነው፤ ላይንአፕ ማለት መቺዎቹ ማን ቀድሞ፣ ማን ተከትሎ እንደሚመታ አሠልጣኙ የሚያወጣው ተራ ነው። ሽታዬ "ልክ ነዎት" ትላለች። ወሬው እዚያው ይሞታል።

አንድ ቀን፣ "ተቃወሚኝ እንጂ" ብለው ተቆጧት።

በዕድሜ የሚበልጣትን ሰው ፊት ለፊት "ተሳስተዋል" ብላ አታውቅም። ትበል ብትልስ፣ በምን እውቀቷ?

መላው የተገኘው ፌርፋክስ ላይ ነው።

ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ሉሊት የምትባል ልጅ ከወላጆቿ የተረከበችው ሱቅ አለ። ሽሮ፣ በርበሬ፣ የታሸገ እንጀራ፣ ከፍሪጁ በላይ ደግሞ የማይጠፋ ቴሌቪዥን። ሉሊት እዚሁ ሎስ አንጀለስ የተወለደች፣ ሠላሳ ዓመት የሞላት፣ ቤዝቦልን በቁጥር የምታውቅ ናት። የዘወትር ባላጋራዋ ወንድምአገኝ ነው። እሱ የኤርፖርት ሹፌር ነው፤ ኢንግልዉድ ይኖራል፤ ቤዝቦልን የለመደው መንገደኛ ሲጠብቅ በመኪና ሬዲዮ ነው። የዶጀርስ ተጫዋቾች ስም አፉ ላይ አልገባ ሲለው የክርስትና ስም አወጣላቸው። በግራ እጁ የሚወረውረው ግራኙ ተባለ። ከመምታቱ በፊት ጓንቱን እያጠበቀ፣ ቆቡን እያስተካከለ ረጋ ብሎ የሚመጣው ሙሽራው ሆነ። በኋለኞቹ ኢኒንጎች፣ ማለትም ዙሮች፣ ጨዋታ ሲከብድ የሚገባውን አንጋፋ ወርዋሪ ሽማግሌው አለው። ስሙ ከሱቁ ወጥቶ የታክሲ ተራውን ሁሉ አዳረሰ።

ያን ሐሙስ ሽታዬ ስትገባ ሁለቱ ተፋጠዋል። ፕሌይኦፍ ሊጀመር ነው፤ ማለትም ከእንግዲህ የተሸነፈ ወደ ቤቱ ነው።

"ግራኙ ነው መጀመር ያለበት" አለ ወንድምአገኝ። "እዚህ ላይ ልምድ ነው የሚያስፈልገው።"

"ጋሼ ወንዴ፣ ልምድ ኳስ አይወረውርም። ክንድ ነው የሚወረውረው። የሱ ክንድ ደክሟል፣ ኦኬ? ስታቱን ቼክ አድርግ።"

"ስታት፣ ስታት። ስታት ያገባሽ ይመስል።"

"ቢያገባኝ ምን አለበት? አይዋሽም፣ አያመሽም።"

"ግራኝ ማን ነው?" አለች ሽታዬ። እሷ የምታውቀው ግራኝ አንድ ነው፤ እሱም ከሞተ ብዙ ዘመኑ ነው።

አስረዷት። ሁለቱ በአንድ ጊዜ፣ ሁለቱ የተለያየ ነገር አስረዷት። ገብቶኛል አለች። ጋሼ ሬይ ስለሚሉት ስለ ቡልፔን ስትጠይቃቸው ደግሞ ወንድምአገኝ "የኮርማ በረት ማለት ነው" አላት፣ ሉሊት "ኖ፣ ኖ፣ ሰው ነው ያለበት፣ ተቀያሪ ወርዋሪ" አለቻት። ይህንንም ገብቶኛል አለች።

ከዚያ ሉሊት ወደ ወንድምአገኝ ዞራ፣ "እሺ፣ ሙሽራው በግራ እጅ ወርዋሪ ፊት እንዲህ የሚንገዳገድ ከሆነ ለምንድነው በዋናው መቺ ቦታ፣ አራተኛ የሚመታው?" አለችው።

ወንድምአገኝ አፉን ከፈተ፤ መልሶ ዘጋው።

"አገር ስጠኝ" አለች ሉሊት።

ይህ የሱቁ ሕግ ነው። ከልጆች የእንቆቅልሽ ጨዋታ የተወሰደ ነው፤ መልስ ያጣ አገር ይሰጣል። እዚህ ግን ጎንደርና ሐረር አይሰጥም። የሚሰጠው የካሊፎርኒያ ከተማና የሎስ አንጀለስ ሰፈር ነው፤ የተሰጠም አይመለስም።

"ኢንግልዉድን ሰጠሁሽ።"

"ኢንግልዉድን አምና ሰጥተኸኛል።"

እውነት ነው። ከዚያ ወዲህ ሉሊት "ተከራዬ" ትለዋለች።

"እንግዲያው ኖርዝ ሆሊውድ።"

"ኖርዝ ሆሊውድ ገብቼ፣ ምን አጥቼ፣ ሁሉን አግኝቼ፤ አንተ ግን ኤርፖርት በር ላይ መንገደኛ እየጠበቅህ፣ ሴኪዩሪቲ እያባረረህ፣ ደግሞ ዞረህ መጥተህ፣ ደግሞ እያባረረህ።"

ሽታዬ ሳቀች። ጥያቄውን ግን በልቧ ያዘችው። ፓሳዴና እስክትደርስ ባቡር ውስጥ እንደ ዳዊት ደገመችው።

እቤት ገብታ ኮቷን ሳታወልቅ፣ በሰባራ እንግሊዝኛዋ ጀመረች። "ጋሼ ሬይ፣ እኔ አላልኩም። ፌርፋክስ ያሉት ሰዎች ናቸው ያሉት። እርስዎ ተሳስተዋል ይላሉ።"

ጋሼ ሬይ ቀና አሉ። "ማን ነው ተሳስተሃል ያለኝ?"

"አንዲት ልጅ።"

ያን ማታ ከእራት እስከ መኝታ ተናገሩ። ቃል ሲጠፋቸው ጠረጴዛውን እየመቱ ፈለጉት፤ አገኙትም። ሽታዬ ከዚያ በኋላ በየቀኑ ወደ ሱቁ ትደውላለች። ሉሊት ያለችውን ለጋሼ ሬይ፣ ጋሼ ሬይ ያሉትን ለወንድምአገኝ፣ ወንድምአገኝ ያለውን ደግሞ እንደገና ለጋሼ ሬይ ታደርሳለች። መሐል ላይ ሆና አንዱም አልገባትም። ማን ምን እንዳለ እየተቀላቀለባት፣ አንዳንዴ የራሳቸውን የጋሼ ሬይን ሐሳብ መልሳ ለራሳቸው ታመጣላቸዋለች፤ እሳቸውም ተናደው ይቃወሙታል።

አገር መስጠቱንም አስተማረቻቸው። በአማርኛው ነው ያስተማረቻቸው፣ ለትልቅ ሰው በሚባልበት አነጋገር፦ አገር ይስጡኝ። መጀመሪያ ሲሸነፉ ሳን ፍራንሲስኮን ሰጧት፤ የጠላት ቡድን ከተማ ስለሆነች ምንም አልቆጫቸውም። ቀጥሎ ሳን ዲዬጎን፣ ከዚያ ካሊፎርኒያን ተሻግረው ፊኒክስን ሰጡ። ረቡዕ ዕለት ሙሽራው ሦስት ጊዜ ስቶ ወጣ። ሽታዬም የሉሊትን ጥያቄ እንደገና አነሳችው። ለምን አራተኛ?

ጋሼ ሬይ ብዙ አሰቡ። የሚጠሉት ከተማ አልቆባቸዋል።

"ፓሳዴናን ውሰጂ" አሉ።

ዴኒስ ቅዳሜ መጣች። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ኃላፊ ናት፣ ሃምሳ አምስት ዓመት የሞላት፣ ሻንጣዋን ሳሎን አስቀምጣ ቤቱን በዓይኗ የምትቆጥር። አባቷን አየች። አባቷ ከመቀመጣቸው ስለ ላይንአፑ ጀመሩ፤ ለምሳ ሲቀርቡም አላቆሙም። ዴኒስ ሹካዋን አስቀምጣ አዳመጠች።

"ከጁን ወዲህ ይህን ያህል ሲናገር ሰምቼው አላውቅም" አለች ለሽታዬ።

ሽታዬ ልቧ ሞላ። ነገሩ አለቀ ብላ አሰበች።

ጋሼ ሬይም ደስ ብሏቸው፣ "ገና መች ሰማሽ" አሉ። "ፓሳዴናን ለሽታዬ ሰጥቻታለሁ።"

የዴኒስ ፊት ተለወጠ። ለሽታዬ ፓሳዴና ከተማ ነው። ለዴኒስ ግን ፓሳዴና ማለት ይህ ቤት ነው። ለገና ፓሳዴና እንሂድ፣ የፓሳዴና ጣሪያ ያፈሳል፣ ፓሳዴናን እንሽጥ ወይስ እናከራይ፤ ቤተሰቡ ሌላ ስም አውጥቶለት አያውቅም።

"ምን አልክ አባዬ?"

"ሰጥቻታለሁ። የሷ ነው።"

ዴኒስ ወደ ሽታዬ ዞረች። "እውነት ነው?"

"አዎ፣ ሰጡኝ" አለች ሽታዬ በፈገግታ። "ረቡዕ ዕለት።"

"የፈረመው ወረቀት አለ?"

ሽታዬ ግራ ገባት። ለጨዋታ ወረቀት ምን ያደርጋል? "ወረቀት የለም። በአፍ ነው። እኛ አገር በአፍ ነው።"

"ሌላስ ምን ሰጠሽ?"

"ሳን ፍራንሲስኮን። ሳን ዲዬጎን። ፊኒክስንም።"

ከዴኒስ ፊት ሁለት ነገር ተጋረጠ፤ ወይ አባቷ አእምሯቸው ሄዷል፣ ወይ ይህች ሴት ተጫውታባቸዋለች። ከተማ የሚያድል ሰው ቤቱን ለማደል ምን ያግደዋል?

ጋሼ ሬይ ነገሩ እንደተበላሸ ገባቸው። ሊያስረዱ ሞከሩ። በጭንቀት ጊዜ ግን ቃል ይሸሻቸዋል። ጠረጴዛውን መቱ። "ሙሽራው ነው" አሉ፣ ሽታዬ በእንግሊዝኛ እንደነገረቻቸው። "በሙሽራው ምክንያት ነው።"

"የምን ሙሽራ?" አለች ዴኒስ።

ሽታዬ ልታግዛቸው ፈለገች። "አራተኛው" አለች።

ዴኒስ ተነሳች። ድምጿን ከፍ አላደረገችም። "ዛሬ ሌላ ቦታ እደሪ። ክፍልሽን አልነካም። ሰኞ እደውልልሻለሁ" አለች። ጋሼ ሬይ አፋቸውን ከፍተው አንድም ቃል አልወጣቸውም። ሽታዬ ቦርሳዋን አነሳች፤ ምን እንዳጠፋች ሳታውቅ ይቅርታ ጠይቃ ወጣች።

ሱቁ ስትደርስ የደረሰባትን ሁሉ ከነቃሉ ተናገረች። ወሬው "አራተኛው" የሚለው ላይ ሲደርስ ሉሊት ሳቋ አመለጣት። ከዚያ የሽታዬን ፊት አየችና ሳቋን ዋጠችው።

"እትዬ ሽታዬ፣ ቤቱን መስሏት ነው። ቤቱን የወሰድሽበት መስሏታል። ደግሞ ያገባሽውም መስሏታል።"

"ማንን?"

"ሰውየውን።"

ሽታዬ ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች። "አራት ጊዜ?"

ወንድምአገኝ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። "ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል" አለ። "ይህ ነገር የሰኞን ስልክ አይጠብቅም። ሽማግሌ መላክ ነው።"

"ሽማግሌውን?" አለች ሉሊት። "ከስድስተኛው ኢኒንግ በፊት ከተላከ እኮ ትርጉም የለውም፣ ጋሼ ወንዴ። ደግሞ አሁን ስለ እትዬ ሽታዬ ነው የምናወራው።"

"እኔስ ስለ ማን አወራሁ? የሰው ሽማግሌ ነው ያልኩሽ። አስታራቂ።"

"ኦ። ለምን ቴክስት አላደርግላትም? ኤክስፕሌን አድርጌ፣ ሎንግ ቴክስት።"

"በቴክስት ስም አይነጻም።"

"እሺ እደውልላታለሁ።"

"ስልክ ይዘጋል። ደጇ ላይ የቆመ ሰው ግን አይዘጋም።"

ተከራከሩ፤ እንደ ላይንአፑ ሁሉ አልተስማሙም። ሽታዬ አንዴ የሉሊት ሐሳብ ትክክል ይመስላታል፣ አንዴ የወንድምአገኝ። የምታውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። ሰኞ ስልኩ ሲደወል ስሟ አዛውንት የገፈፈች ሴት ሆኖ ከቀረ፣ ሥራው ቢቀር እንኳ ስሙ ተከትሏት ይዞራል፤ እዚህ ከተማ ተንከባካቢ የምትቀጠረው ሰው ስለ እሷ በተናገረው ነው።

"እሺ" አለች ሉሊት በመጨረሻ። "ግን ሽማግሌ ሦስት ነው አይደል? እኔና አንተ ሁለት ነን። እኔ ደግሞ ሽማግሌ አይደለሁም።"

"ሦስተኛው ግራኙ ነው" አለ ወንድምአገኝ። "ነገ እሱ ነው የሚጀምረው። በጨዋታው ሰዓት እንሄዳለን።"

እሑድ ከሰዓት ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ ከረባት አስሮ መጣ። መንገዱን በሙሉ ከሉሊት ጋር ግራኙ ስንት ኢኒንግ ይቆያል በሚል ተነታረኩ። ሽታዬ ከኋላ ወንበር ቦርሳዋን ታቅፋ ተቀመጠች።

በሩን ዴኒስ ከፈተችው። ያልተኛች ሴት ፊት ነው ያላት። ከኋላዋ ጋሼ ሬይ ወንበራቸው ላይ ናቸው፤ ከፊታቸው ያልተነካ ሳህን አለ። ቴሌቪዥኑ ተከፍቷል። ሽታዬን ሲያዩ ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፤ ድምፅ አልወጣም።

"ከትናንት ጀምሮ አንድ ቃል አልተናገረም" አለች ዴኒስ። "እናንተ ማን ናችሁ?"

"ሽማግሌዎች ነን" አለ ወንድምአገኝ በእንግሊዝኛ። ዴኒስ የሠላሳ ዓመቷን ሉሊትን አየቻት።

"ግቡና ተቀመጡ።"

ገቡ። አልተቀመጡም። "ጥያቄያችን ካልተመለሰ አንቀመጥም" አለ ወንድምአገኝ። "ሥርዓታችን ነው።" ዴኒስ ይህ ማስፈራሪያ ይሁን ይሉኝታ መለየት አቃታት። አራቱም ሳሎኑ መሐል ቆሙ። ወንድምአገኝ ትናንት ማታ ያዘጋጀውን ንግግር ሊጀምር ጉሮሮውን ጠረገ፤ ዓይኑ ግን ቴሌቪዥኑ ላይ አረፈ። ስድስተኛው ኢኒንግ ነው። ግራኙ ሁለት ሰው አስመትቶ ላቡን ይጠርጋል።

"ይቆይ" አለ ወንድምአገኝ ሳያስበው።

"ይውጣ" አለች ሉሊት። "ደክሟል አላልኩህም?"

"ልምድ አለው።"

"ይ... ይውጣ" አለ ሌላ ድምፅ።

ዴኒስ ዞረች። ጋሼ ሬይ ናቸው። ጣታቸውን ወደ ወንድምአገኝ ቀስረዋል። "አንተ ሹፌሩ ነህ? በስልክ የምትሳሳተው?"

"እኔ ነኝ፣ ጋሼ ሬይ። ግን አልተሳሳትኩም።"

"እነዚህ መቺዎች ዛሬ ሁለት ሁለት ጊዜ አይተውታል። አሁን ሦስተኛቸው ነው። ሦስተኛ ጊዜ ሲያዩት... ሲያዩት..." ጠረጴዛውን መቱ፤ ቃሉ መጣ። "ሲያዩት የማይመቱት መቼ ነው? አንድ ቀን ንገረኝ።"

ወንድምአገኝ አሰበ። ቴሌቪዥኑ ውስጥ ዱላው ጮኸ፤ ኳሱ ርቆ ሄደ።

"አገር ይስጡኝ" አሉ ጋሼ ሬይ፣ በአማርኛ።

ወንድምአገኝ እንዲህ ባለ አዛውንት አንቱ ሲባል የመጀመሪያው ነው። ደነገጠ። "ኢንግልዉድ የለኝም" አለ። "ኖርዝ ሆሊውድም የለኝም። ሎንግ ቢችን እንኩ።"

"ምንድነው ያለው? ምን እየሰጠው ነው?" አለች ዴኒስ።

ሉሊት አስረዳቻት። ስለ እንቆቅልሹ፣ ስለ ሱቁ፣ መልስ ያጣ ከተማ እንደሚሰጥ፣ ይህ ቆሞ የሚያዩት ሰው አምና የገዛ ሰፈሩን ለእሷ ሰጥቶ አሁን በእሷ ፈቃድ እንደሚኖር ነገረቻት። ዴኒስ አላቋረጠቻትም።

"እና ፓሳዴና?"

"ከተማው ነው። ቤቱ አይደለም።"

"ሙሽራውስ?"

ሉሊት ወደ ቴሌቪዥኑ ጠቆመች። የመምታቱ ተራ ለዶጀርስ ደርሶ አንድ ረጅም ሰው ጓንቱን እያጠበቀ፣ ቆቡን እየነካካ፣ ምንም ሳይቸኩል ይመጣል። "ያውና። አራተኛ ነው የሚመታው።"

ዴኒስ ሙሽራውን ብዙ አየችው። አልሳቀችም። ከዚያ ሽታዬን አየች። "ትናንት ይህን ለምን አልነገርሽኝም?"

"የጠየቁኝን ነው የመለስኩት" አለች ሽታዬ።

ዴኒስ ፊቷን በእጇ ሸፈነች፤ መልሳ ገለጠችው። "ስለ ቤቱ ተሳስቻለሁ። ሐሳቤን ግን አልቀየርኩም። ሳክራሜንቶ ውስጥ ቦታ ይዤለታለሁ። እኔ አጠገብ ቢሆን ነው የምመርጠው።" ወደ አባቷ ቀረበች። አባቷ ግን ከወንድምአገኝ ጋር ሌላ ሙግት ገጥመዋል፤ ሽማግሌው ቀድሞ ቢላክ ኖሮ ይህ ሁሉ ይመጣ ነበር ወይ በሚል። ወንድምአገኝ የሆነ ነገር ጠየቃቸው። ሽታዬ ጥያቄው አልገባትም። ጋሼ ሬይ ጭንቅላታቸውን ሲነቀንቁ፣ እጃቸውን ሲያወናጭፉ፣ አንድ ቃል ሲናገሩ ብቻ አየች።

"አባዬ" አለች ዴኒስ፣ "ስለ ሳክራሜንቶ እንነጋገር።"

"ሳክራሜንቶ የለኝም" አሉ ጋሼ ሬይ። "አሁን ለሹፌሩ ሰጠሁት። እሱን ጠይቂው።"

ዴኒስ ወንድምአገኝን አየች። ወንድምአገኝ በሙግቱ ተይዞ ስለነበር በዚህች ከተማ ላይ ምን እንደተንጠለጠለ አልሰማም። የሚያውቀው ሕጉን ነው። ዓመቱን ሙሉ ሲሰጥ ኖሮ ዛሬ ገና ከተማ ማግኘቱ ነው።

"አልመልስም" አለ በትሕትና። "የተሰጠ አይመለስም፣ እመቤት።"

ዴኒስ ከአባቷ ወደ ሹፌሩ፣ ከሹፌሩ ወደ ሽታዬ ዓይኗን አዞረች።

"ለምንድነው አሁንም የቆማችሁት?" አለች።

"የእትዬ ሽታዬን ነገር ገና አልመለሱልንም" አለ ወንድምአገኝ።

ዴኒስ ሶፋው ላይ ተቀመጠች። "ኦኬ። ቡድኑ ከውድድሩ እስኪወጣ ድረስ አባዬ እዚሁ ይቆይ። ሽታዬም ትቆይ። ዶጀርስ የወጣ ዕለት እንደገና እንነጋገራለን።"

ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ። ሽታዬ ሳህኑን አንስታ አሞቀችው፤ ጋሼ ሬይ እየተከራከሩ በሉ።

ትንሽ ቆይታ ሽታዬ ሉሊትን በክርኗ ነካ አደረገቻት። "እስኪወጣ ማለት መቼ ነው?"

"ይሄን ዙር ከተሸነፉ በዚህ ሳምንት። ካሸነፉ ደግሞ እስከ ኖቬምበር ሊሄድ ይችላል።"

"ያሸንፋሉ?"

"በዚህ ላይንአፕ? አይመስለኝም።"

"ያሸንፋሉ፣ እትዬ ሽታዬ" አለ ወንድምአገኝ። "ልምድ አላቸው።"

"ሙሽራውን ሰባተኛ ካወረዱት ብቻ ነው" አሉ ጋሼ ሬይ፣ አማርኛው ሳይገባቸው፣ ግን ስለ ምን እንደሆነ ገብቷቸው።

ሦስት ሰው፣ ሦስት መልስ። ሽታዬ ወንበር ስባ ቴሌቪዥኑን ፊት ለፊት አድርጋ ተቀመጠች። በዚያ ቤት ስትኖር እንዲህ ስትቀመጥ የመጀመሪያዋ ነው። አንዱ ወረወረ። ሌላው ዱላውን እንደያዘ ቀረ። ማንም ምንም ያደረገ አልመሰላትም። ስታዲየም ሙሉ ሰው ብድግ አለ።

ጋሼ ሬይ ወደ እሷ ዞሩ። "አየሽው?"

"አላየሁም" አለች ሽታዬ። "ይንገሩኝ።"